የሯጭ እግር ሳይድን ገበያ ሲወጣ

ብልህ ባለንብረት የሚሠራበት አንድ የቆየ ደንብ አለ። ሞተሩ ጢስ ማብዛት የጀመረ የጭነት መኪና ጋራዥ ይገባል እንጂ «ጭነት ተቀብያለሁ» ተብሎ ወደ ጅቡቲ መንገድ አይለቀቅም። በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ በመካነ ሰላም አካባቢ በጋማ ከብት እህል የሚያመላልስ ነጋዴም ይህንኑ ያለ ሐኪም ምክር ያውቀዋል። ጀርባዋ የተገጠበ በቅሎ ቁስሉ ላይ ላዩን ደርቆ ቢታይም ጭነት አይጣልባትም። ቸኩሎ የጫናት ሰው የአንድ ገበያ ቀን ትርፍ ያገኛል፤ በቅሎዋን ግን ለወራት ያጣታል።

ይህ ደንብ በብዛት የሚጣሰው ካፒታሉ ብረትም እንስሳም ባልሆነበት ዘርፍ፣ ማለትም በሩጫው ዓለም ነው። የአትሌቱ ካፒታል እግሩ ነው። መለዋወጫ የለውም፤ የአገልግሎት ዘመኑም ቢበዛ ከአሥራ አምስት ዓመት እምብዛም አያልፍም። ከዚያ እግር የተገኘው ገንዘብ በአዲስ አበባና በክልል ከተሞች ፎቅ፣ ሆቴል፣ ትምህርት ቤትና እርሻ ሆኖ እያየነው ነው። ስለዚህ «አትሌቶች ከጉዳት ቶሎ ይመለሳሉ ወይ?» የሚለው ጥያቄ የስፖርት ገጽ ብቻ ሳይሆን የዚህ ገጽም ጥያቄ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እንጠይቃለን።

ከቶኪዮ እስከ ሜክሲኮ

የጉዳዩ ታሪክ ከገንዘቡ ይቀድማል። አበበ ቢቂላ በ1964 ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ሲዘጋጅ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና አወጣ። ከስድስት ሳምንት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ፈጽሞ አሸነፈ። በዚያም የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ከዚያ ወዲህ «እውነተኛ ጀግና ሕመም አያቆመውም» የሚለው እምነት በአገራችን ሥር ሰደደ።

የታሪኩ ሁለተኛ ክፍል ግን ብዙ ጊዜ አይወሳም። ያው አበበ በ1968 ሜክሲኮ ላይ የተጎዳ እግሩን ይዞ ተሰለፈ፤ አሥራ ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ላይም አቋረጠ። ድሉ ለማሞ ወልዴ ሆነ። ልዩነቱ በሰውየው ጀግንነት ላይ አልነበረም፤ በጉዳቱ ዓይነት ላይ እንጂ። በሐኪም ቢላዋ የተከፈተ ሆድ የሚገጥምበት ጊዜ ይታወቃል፤ ቁስሉም የሩጫው ጉልበት በቀጥታ የሚያርፍበት ቦታ አይደለም። ከሩጫ ብዛት የታመመ እግር ግን የሚድነው ያሳመመው ነገር ሲቆም ብቻ ነው። ከቶኪዮ የተወረሰው ኩራት ከሜክሲኮው ትምህርት ጋር አብሮ ቢወረስ ኖሮ፣ በኋላ የመጡት ብዙ በተጠቀሙ ነበር።

በአበበ ዘመን የኦሊምፒክ ሯጭ የሽልማት ገንዘብ አልነበረውም። ስለዚህ ያለጊዜው መመለስን የፈጠረው ገንዘብ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ የአገር አደራም አለበት። ገንዘቡ ሲመጣ ግን አደራው አልቀረም። ሁለቱ ተደመሩ።

የኃይሌ ሂሳብ

ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2000 ወደ ሲድኒ ያቀናው የተረከዝ ጅማቱን፣ ማለትም አኪለስ የሚባለውን፣ እየታመመ ነበር። መስከረም 25 ቀን በተደረገው የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በመቶኛ ሰከንድ ዘጠኝ ብቻ ቀደመው። ከድሉ በኋላ ጅማቱ በቀዶ ሕክምና ተስተካከለ። በቀጣዩ ዓመት ነሐሴ ኤድመንተን ላይ ለዓለም ሻምፒዮናነት ሲመለስ በቻርልስ ካማቲና በአገሩ ልጅ በአሰፋ መዝገቡ ተቀድሞ ሦስተኛ ወጣ። ለአራት ተከታታይ ሻምፒዮናዎች ይዞት የነበረው ዘውድም ተነጠቀ። በ2004 አቴንስ ላይ ያው ተረከዝ ዳግም አስቸገረው፤ ቀነኒሳ በቀለ ወርቁን ሲወስድ ኃይሌ አምስተኛ ሆነ።

ታዲያ ሲድኒ ላይ መሮጡ ስህተት ነበር? አይመስለንም። ኦሊምፒክ በአራት ዓመት አንዴ የሚቆም ገበያ ነው። ያንን ገበያ ያመለጠው ነጋዴ ቀጣዩን እስኪያገኝ የዕድሜው ምርጥ ክፍል ሊያልፍበት ይችላል። ኃይሌ ዋጋውን እያወቀ ከፈለ፤ ወርቁንም አገኘ። ዋጋ ተተምኖ የሚገባበት ውል አንድ ነገር ነው፤ ዋጋው ሳይጠየቅ የሚፈረም ውል ሌላ ነገር ነው።

የኒው ዮርኩን እንመልከት። ኅዳር 2010 ኃይሌ የኒው ዮርክን ማራቶን ለመሮጥ ሲደርስ የቀኝ ጉልበቱ አብጦ ነበር። ከውድድሩ በፊት በነበረው ቀን በኤምአርአይ ሲታይ ፈሳሽ መያዙና ጅማቱ መቆጣቱ ታወቀ። በማግስቱ ግን መነሻው መስመር ላይ ቆመ። አሥራ ስድስተኛው ማይል ገደማ ላይ አቋረጠ፤ በዚያው ቀን በጋዜጠኞች ፊት ሩጫ ማቆሙን አስታወቀ፤ ከቀናት በኋላም ሐሳቡን ለወጠ። የኒው ዮርክ ማራቶን በየዓመቱ የሚደረግ ውድድር ነው። በቀጣዩ ኅዳር ሊሮጥ ይችል ነበር። ሲድኒን ግን ለቀጣዩ ዓመት ማስተላለፍ አይቻልም ነበር።

ኃይሌን ከሌሎች የሚለየው ሌላም ነገር አለ። በእግሩ ያገኘውን ቀድሞ ወደ ሕንፃ፣ ወደ ሆቴል፣ ወደ መኪና መገጣጠሚያና ወደ ቡና እርሻ ማዞር ጀምሮ ነበር። እግሩ ሲቆም ንግዱ አልቆመም። አብዛኛው ሯጭ ይህ መተማመኛ የለውም።

ቀነኒሳ፦ የመጠበቅና የመቸኮል መዝገብ

ይህን ጥያቄ በአንድ ሰው ሕይወት ላይ ማጥናት የሚፈልግ የቀነኒሳ በቀለን መዝገብ ይመልከት። በ2009 በርሊን ላይ የ5,000 እና የ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ ነበር። በ2010 መጀመሪያ የባት ጡንቻው ተጎዳና ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ከውድድር ራቀ። የተመለሰው ነሐሴ 28 ቀን 2011 ዴጉ ላይ፣ በቀጥታ በዓለም ሻምፒዮና የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ነበር። አንድም የመሞከሪያ ውድድር አላደረገም፤ ሩጫውንም አቋረጠ። ወርቁን ሌላው ኢትዮጵያዊ ኢብራሂም ጀይላን ወሰደ።

ከአሥራ ዘጠኝ ቀን በኋላ ግን ያው ቀነኒሳ ብራሰልስ ላይ ያንኑ ርቀት በ26 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ሮጦ አሸነፈ። ያ ሰዓት በዚያ ዓመት በዓለም ከተሮጡት ሁሉ ፈጣኑ ሆነ። አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ይበል። የጎደለው ዓመት አልነበረም፤ ሳምንታት ነበሩ። የተመለሰበትን ቀን የወሰነው የእግሩ ዝግጁነት ሳይሆን የሻምፒዮናው የጊዜ ሰሌዳ ነበር።

ወደ ማራቶን ከገባ በኋላም ነገሩ ተደገመ። ሚያዝያ 2014 ፓሪስን አሸነፈ፤ ጥቅምት ላይ ቺካጎ ሮጠ፤ ጥር 2015 ዱባይ ተሰለፈ። ሦስት ማራቶን በአሥር ወር ውስጥ መሆኑ ነው። የዱባይ ማራቶን በዚያ ዓመት ለአሸናፊው 200,000 ዶላር ይከፍል ነበር። ቀነኒሳ በጉዳት አቋረጠ፤ ቀጣዩን ማራቶን የሮጠውም ሚያዝያ 2016 ለንደን ላይ ነው። አሥራ አምስት ወር ተቃጠለ ማለት ነው።

የመጠበቅን ትርፍም ይኸው መዝገብ ያሳያል። በጥቅምት 2018 አምስተርዳም ላይ ካቋረጠ በኋላ አሥራ አንድ ወር ማራቶን ሳይሮጥ ቆየ። መስከረም 2019 በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ገባ። ከዓለም ክብረ ወሰን የራቀው በሁለት ሰከንድ ብቻ ሲሆን ዕድሜውም ሠላሳ ሰባት ነበር። በቀጣዩ ዓመት ለንደን ከኤሊዩድ ኪፕቾጌ ጋር እንዲፋለም ዓለም ሁሉ ሲጠብቅ ባቱን በማመሙ ሁለት ቀን ሲቀረው ተወ። ብዙዎች አዘኑ፤ ውሳኔው ግን የባለሀብት ውሳኔ ነበር። ካፒታሉ ተርፎ በ2024 በአርባ አንድ ዓመቱ ያው ለንደን ላይ ሁለተኛ ወጣ።

ሳንባ ይቀድማል፣ ጅማት ይዘገያል

ሯጩ ለምን ራሱን ያታልላል? ምክንያቱ የሰውነት አሠራር ነው። ያረፈ ሯጭ ልምምድ ሲጀምር ልቡና ሳንባው በጥቂት ሳምንታት ይታደሳሉ። ጡንቻውም ይከተላል። ጅማትና አጥንት ግን ቀርፋፋ ናቸው። በተለይ የተረከዝ ጅማት የሚያገኘው ደም አነስተኛ ስለሆነ ጥገናው ወራት ይፈጃል። ሯጩ «ድኛለሁ» የሚለው ሕመሙ ሲጠፋና ትንፋሹ ሲመለስ ነው። በዚያን ጊዜ ሞተሩ ሙሉ ኃይል ይሰጣል፤ ሻንሲው ግን ገና አልተበየደም። አደጋው የሚደርሰው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። ቀድሞ የተጎዳ አካል ዳግም የመጎዳት ዕድሉ ከፍ ያለ መሆኑም በስፖርት ሕክምና ዘንድ የተረጋገጠ ነው።

በ2016 የታተመ አንድ የኖርዌይና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት ነገሩን በቁጥር አስቀምጦታል። የጉልበት ጅማታቸው ተበጥሶ በቀዶ ሕክምና የተተካላቸውን ስፖርተኞች የተከታተለው ይህ ጥናት፣ መመለሻቸው እስከ ዘጠነኛው ወር ድረስ በአንድ ወር በዘገየ ቁጥር ዳግም የመጎዳት መጠኑ በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አገኘ። በአንድ ወር ትዕግሥት አደጋውን በግማሽ የሚቀንስ የመድን ውል የሚሸጥ ኩባንያ ቢኖር ደጃፉ ሰልፍ በያዘ ነበር።

የኳስ ወዳጆች የብራዚላዊውን ሮናልዶን ነገር አይረሱም። በኅዳር 1999 ለኢንተር ሚላን ሲጫወት ጉልበቱ ተጎድቶ በቀዶ ሕክምና ተስተካከለለት። በአምስት ወሩ ሚያዝያ 2000 በጣሊያን ዋንጫ ፍጻሜ ከላዚዮ ጋር ተሰልፎ ጥቂት ደቂቃ እንደተጫወተ ያው ጉልበት ከዳው። ከዚያ በኋላ ረጅም ጊዜ ጠብቆ ሲመለስ በ2002 የዓለም ዋንጫ ስምንት ጎል አገባ። ያው ሰው፣ ያው ጉልበት፤ የተለየው የተሰጠው ጊዜ ነው።

ኮሚሽን የሚገኘው ሲሸጥ ነው

ለገበያ ሰው ዋናው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። የማራቶን ሯጭ ገቢ በአብዛኛው ከሦስት ምንጭ ይመጣል፦ መነሻው ላይ በመገኘቱ የሚከፈለው የተሳትፎ ክፍያ፣ በደረጃው የሚያገኘው ሽልማትና ከጫማ ኩባንያ ጋር ያለው ውል። የተሳትፎ ክፍያ የሚገኘው በመሰለፍ ነው። ሽልማትም ሳይሮጡ የለም። የጫማው ውልም ብዙ ጊዜ በዓመት የተወሰነ ውድድር ያላደረገ አትሌት ክፍያው እንዲቀነስ የሚያዝ አንቀጽ ይይዛል። ሦስቱም ምንጮች «ሩጥ» ይላሉ፤ «ተኛ» የሚል አንድም የለም።

በመካከል ማናጀሩ አለ። በሙያው ልማድ ብዙውን ጊዜ ከገቢው 15 በመቶ ይወስዳል። ደላሎቻችን ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ኮሚሽን የሚገኘው ዕቃው ሲሸጥ እንጂ መጋዘን ሲያድር አይደለም። ማናጀሩ ክፉ ሰው መሆን አያስፈልገውም። ብዙ አትሌቶች ስላሉት አንዱ ቢሰበር ሌላው ይሮጣል። የውድድሩ አዘጋጅም እንዲሁ ነው። ሁለት እግር ብቻ ያለው አትሌቱ ነው። ትርፉ ለሦስትና ለአራት ይከፈላል፤ ኪሳራው ግን አንድ ሰው ላይ ይወድቃል። ትርፍን ያካፈለ ኪሳራን ለብቻው የሚሸከምበት ሽርክና በመርካቶ ቢቀርብ ማን ይፈርማል?

ከአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ጋር እናወዳድረው። ኬቨን ዱራንት ግንቦት 8 ቀን 2019 የባት ጡንቻው ተጎዳ። በወሩ፣ ሰኔ 10 ቀን፣ ቡድኑ ጎልደን ስቴት ለዋንጫ በሚያደርገው አምስተኛ ፍጻሜ ጨዋታ ተመለሰ፤ የተረከዝ ጅማቱም ተበጠሰ። በዚያው ሰኔ መጨረሻ ግን ብሩክሊን ኔትስ ለአራት ዓመት 164 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍለው ተስማማ። የመጀመሪያውን ሙሉ የውድድር ዓመት አንድም ጨዋታ ሳያደርግ ደመወዙን በላ። ቸኩሎ መመለሱ እግሩን ጎዳው፤ ቤቱን ግን አላፈረሰበትም። የእኛ ሯጭ ቢበጠስበት በማግስቱ የሚከፍለው የለም። ስለዚህ ከዱራንት የበለጠ መጠንቀቅ የሚገባው እሱ ሆኖ ሳለ ከዱራንት የበለጠ የሚቻኮለውም እሱ ነው።

ሂሳቡን በቀላሉ እንሥራው። ስምንት ዓመት የቀረውና በዓመት ሁለት ማራቶን የሚሮጥ አትሌት በእጁ አሥራ ስድስት መነሻ አለው እንበል። አንዱን ውድድር ቢተው ከአሥራ ስድስቱ አንዱን አጣ። ሳይድን ሮጦ ለአሥራ አምስት ወር ቢቀመጥ ግን ሁለት ወይም ሦስት መነሻ አጣ፤ ሲመለስም የሚቀርብለት ዋጋ ዝቅ ይላል። የመጠበቅ ዋጋ የታወቀ ነው፤ የመቸኮል ዋጋ ግን ጣሪያ የለውም።

ቦታውን የለቀቀ፣ ወርቁን ያመጣ

በአገራችን ላይ ሌላም ግፊት አለ። ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ በየርቀቱ የምታሰልፈው ቢበዛ ሦስት ሲሆን በር ላይ የሚጠብቀው ብዙ ነው። የታመመ ሯጭ «ካረፍኩ ቦታዬ ይወሰድብኛል» ብሎ ሕመሙን ይደብቃል። የፓሪስ 2024 ኦሊምፒክ ግን ለዚህ ፍርሃት ጥሩ መልስ ሰጥቷል። የዚያን ዓመት የቦስተን ማራቶን አሸናፊ ሲሳይ ለማ በቡድኑ ተመርጦ ሳለ በጉዳት ምክንያት ውድድሩ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ቦታውን ለቀቀ። ተጠባባቂ የነበረው ታምራት ቶላ ገባና ነሐሴ 10 ቀን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሻሽሎ ወርቁን አመጣ። ሲሳይ ሳይድን ቢሰለፍ ኖሮ ታምራት በፓሪስ መንገዶች ላይ ባልታየ ነበር። አንድ ሰው በጊዜ «አልችልም» በማለቱ አገር አተረፈች።

የተቃራኒው ምሳሌ እንዳይዘነጋ የአልማዝ አያናን እናንሳ። ነሐሴ 2017 ለንደን ላይ በዚያ ዓመት አንድም ውድድር ሳታደርግ፣ ከጉዳት መጥታ የ10,000 ሜትር ወርቅ ወሰደች። ጥሩነሽ ዲባባን የቀደመቻት ከአርባ ሰከንድ በላይ በሆነ ልዩነት ነው። ይህን ያየ ሁሉ «ይኸው፣ ከጉዳት በቀጥታ ወደ ወርቅ መሄድ ይቻላል» አለ። ከዚያ በኋላ ግን የጉልበት ቀዶ ሕክምና አስፈለጋት፤ የትራኩ ንግሥትነትም አልተመለሰም። ዓለም ዳግም ያደነቃት ከጉዳትም ከወሊድም በኋላ፣ ጥቅምት 2022 አምስተርዳም ላይ የመጀመሪያ ማራቶኗን በ2 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ስታሸንፍ ነው። ወርቁ እውነት ነበር፤ ደረሰኙ ግን ቆይቶ መጣ።

ስም የሌለው ሯጭ

እስካሁን ያነሳናቸው ሁሉ ስም ያላቸው ናቸው። ስም ያለው ቢያንስ መጠበቅ ይችላል። ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከመካነ ሰላም ደጋ ተነስቶ አዲስ አበባ የሚገባ ወጣትስ? የኪራይ ቤት ከጓደኞቹ ጋር ይጋራል፤ ማናጀር ገና አላገኘም፤ ቤተሰቡም ይጠብቀዋል። እግሩን ሲያመው የሚታይበት ወጌሻ እንጂ የስፖርት ሐኪም አይደለም። የአንድ ወር ዕረፍት ለእሱ የሕክምና ትዕዛዝ ብቻ ሳይሆን ወደ አገር ቤት የመመለሻ ትኬትም ነው። ስለዚህ ይሮጣል። ሲሰበርም በጋዜጣ አይወጣም። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ከታዋቂዎቹ ይልቅ እዚህ፣ ገና ዋጋ ባልወጣለት ካፒታል ላይ ነው።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ አትሌቱ ውል ሲፈርም ስለ ሽልማቱ ብቻ ሳይሆን ስለ ጉዳት ቀንም ይደራደር። በጉዳት የቀረ ውድድር ወደ ቀጣዩ ዓመት የሚተላለፍበትን፣ የጫማው ክፍያም በሐኪም ማስረጃ የማይቀነስበትን አንቀጽ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ሁለተኛ፣ «ድኗል» የሚለው ቃል ከኮሚሽን ተቀባይ ሳይሆን ከውድድሩ ምንም ከማያገኝ ሐኪም ይምጣ። ሦስተኛ፣ ከእያንዳንዱ ክፍያ ለጉዳት ጊዜ የሚሆን ድርሻ ይቀመጥ። ሙሉው ገንዘብ ፎቅ ላይ የፈሰሰበት ሯጭ ሲሚንቶና ብረት እየጠራው ሳይድን ይሮጣል። ያልተጠናቀቀ ሕንፃ ከማንኛውም ማናጀር የበለጠ የሚጎተጉት ጌታ ነው።

አራተኛው ለእናንተ ለነጋዴዎችና ለባለሀብቶች ነው። ከአትሌት ጋር በሽርክና ስትገቡ፣ ወይም የሚቀጥለውን ውድድር ገቢ ተስፋ አድርጋችሁ ሕንፃ ስትጀምሩ፣ መጀመሪያ የምትጠይቁት ሰዓቱን ሳይሆን የእግሩን ጤንነት ይሁን። የክፍያ ቀናችሁን ከውድድሩ ቀን ጋር ካሰራችሁት፣ እናንተም ሳታውቁት ከሚገፉት አንዱ ሆናችሁ። ስድስት ወር የተራዘመ ክፍያ ይከፈላል። የተበጠሰ ጅማት ግን ሁልጊዜ አይከፍልም።